መጀመሪያ የሚሰደደው ልብ ነው

ሰበታ ፋብሪካ ሞልቶላታል፤ የሱሉልታ ውሃ ታሽጎ ይሸጣል፤ ቡራዩ ቤት በቤት ላይ ሆናለች። ታዲያ ልጆቻቸው የት ሄዱ?

አንድ ወጣት ከሰበታ ወይም ከቡራዩ ተነስቶ በረሃ ገባ በተባለ ቁጥር ከወደ ቢሮ የምትመጣ አንዲት የቆየች ዜማ አለች። "በሕገ ወጥ ደላሎች ተታሎ" ትላለች። ሬሳ ከባሕር ሲወጣ ይቺው ዜማ ትከፈታለች፤ ከሳዑዲ እስር ቤት የወጣ ተመላሽ ቦሌ ላይ ሲራገፍ ይቺው ዜማ ትደገማለች። ከዚያማ ስብሰባ ይጠራል፣ አበል ይታሰባል፣ "የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ" የሚል ጨርቅ ይሰቀላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። በማግስቱ ሌላው ልጅ ሻንጣውን ይሸክፋል።

ደላላ የለም አላልንም። አለ፤ ጨካኝም ነው፤ የሰው ልጅ እንደ ከብት ቆጥሮ ይሸጣል። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ በግ ተራ የቆመው ደላላ በጉን ወለደው እንዴ? ደላላ ገበያ የሌለበት ቦታ አይቆምም። ገበያውን ያቆመው፣ ልጁን ለሽያጭ ያዘጋጀው፣ "ከዚህ ወዲያ የትም ይሻለኛል" ያሰኘው ሌላ ነው። እሱን ትቶ ደላላውን ብቻ መርገም፣ አበው እንዳሉት፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ነገር አንድ ነው። ሰው አገሩን የሚለቀው ኪሱ ስለጎደለ ብቻ አይደለም፤ ኑሮዬ ኑሮ ነው ብሎ ማመን ሲያቅተው ነው። እግር ከመሰደዱ ብዙ ዘመን ቀድሞ ልብ ይሰደዳል። የእነዚህን ሦስት ከተሞች ልጆች ልብ አስቀድሞ ያባረረው ደግሞ ደላላ ሳይሆን ባለጊዜ ነው።

መሰላሉ ላይ የት ነዎት?

ሀድሊ ካንትሪል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቀላል ጥያቄ ለዓለም አስተዋውቋል። መሰላል ያስቡ ይላል፤ ከታች ዜሮ፣ ከላይ 10 የተጻፈበት። ላይኛው ጫፍ ለእርስዎ ሊኖር የሚችለው የመጨረሻ ጥሩ ኑሮ ነው፤ ታችኛው የመጨረሻው መጥፎ። ዛሬ ስንተኛው እርከን ላይ ቆመዋል? ከአምስት ዓመት በኋላስ? ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ድርጅት ይህንኑ መሰላል ተሸክሞ ከ140 በላይ አገሮችን አዳርሷል። በየዓመቱ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርትም አገሮችን የሚደረድረው በዚሁ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ሪፖርት ኢትዮጵያ ከ143 አገሮች 130ኛ ነበረች፤ ከ10 ያገኘችው ነጥብ አራት አይሞላም።

"ደስታ" ሲባል ሳቅና ጨዋታ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አይደለም። የእኛ ሰው በችግሩም ላይ ይስቃል፤ ለቅሶ ቤትም ጨዋታ አያጣም። የሚለካው ሰው ቁጭ ብሎ ኑሮውን ከራስጌ እስከ ግርጌ ሲያየው ለራሱ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ያንን ፍርድ ሚኒስትር ሊፈርድለት አይችልም። "ኢኮኖሚው በሁለት አኃዝ አድጓል" ቢባል፣ እሱ ሁለተኛ እርከን ላይ ከሆነ ሁለተኛ እርከን ላይ ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከዚሁ ከጋሉፕ መረጃ ተነስቶ የኑሮ እርካታን ከስደት ፍላጎት ጋር አስተያይቶ ነበር። ያገኘው ምንድን ነው? በኑሮው የረካ ሰው የመሰደድ ፍላጎቱ ዝቅተኛ ነው፤ በግለሰብ ደረጃ ሲታይም "ልሂድ" ባይነትን ከገቢው መጠን ይልቅ እርካታው አጥብቆ ይናገራል። የመንግሥት አፈ ቀላጤዎች እዚህ ላይ እጃቸውን እንደሚያወጡ እናውቃለን። "ይኸው ጥናት እኮ አገር ካገር ሲወዳደር በድሃ አገሮች ገቢ ይበልጥ ይተነብያል ይላል" ይሉናል። እውነት ነው፤ ይላል። አንሸሽገውም። ነገር ግን ወዳጆቼ፣ ጀልባ ላይ የሚሳፈረው አገር ሳይሆን ሰው ነው። አንዱ ጎረቤት ሲቀር ሌላው ለምን እንደሚሄድ ለማወቅ የሚጠየቀው ሰውየው ነው።

ደግሞም ሰው ራሱን ከቁጥር ጋር አይደለም የሚያወዳድረው፤ ከጎረቤቱ ጋር ነው። ኦዴድ ስታርክና ኤድዋርድ ቴይለር በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጡት የሜክሲኮ መንደሮች ጥናት፣ ልጁን ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድሉ ከፍ የሚለው በመንደሩ ውስጥ ከሌሎች በታች ሆኖ የሚሰማው ቤተሰብ መሆኑን አሳይተዋል። ይህን ለመረዳት ሜክሲኮ መሄድ አያስፈልግም። የሦስቱ ከተሞች ልጅ በየቀኑ ሁለት ነገር ያያል። በአንድ በኩል አዲስ አበባን፤ ከሱሉልታ ወጥቶ እንጦጦ ጫፍ ሲደርስ ከሥሩ የተዘረጋውን መብራትና መስታወት ያያል። በሌላ በኩል ደግሞ የእናቱ ጎረቤት ልጅ ዓረብ አገር ሠርታ ለቤተሰቦቿ ያቆመችውን ባለ ቆርቆሮ ግቢ ያያል። አንደኛውን በአገሩ ሠርቶ እንደማይደርስበት ያውቃል። ሁለተኛውን ግን "ይቻላል" ይላል። ታዲያ እዚህ ላይ ደላላው ምን ጨመረ?

ሥራ ብቻውን ሰው የሚያቆይ ቢሆን ኖሮ ምሥራቅ ጀርመን ባልፈረሰችም ነበር። እዚያ ሥራ አጥ የሚባል አልነበረም፤ ቤት በመንግሥት፣ ሕክምና በመንግሥት ነበር። ሆኖም እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ጥሎ ሄደ። መንግሥቱ ያገኘው መፍትሔ ግንብ መገንባት ሆነ። ግንቡ 28 ዓመት ቆሞ ሲወድቅ ሕዝቡ ጎረፈ። ግንብ እግርን ያቆማል፤ ልብን ግን አያቆምም።

ሰበታ፦ ባቡሩ ሄደ፣ ልጆቹም ተከተሉት

ሰበታን እንያት። በጅማ መንገድ፣ ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ናት። ቢራ ትጠምቃለች፣ ጨርቅ ትሠራለች፣ በዙሪያዋ አበባ ታበቅላለች። የሜታ ቢራን ፋብሪካ ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት ነበር። አዲሱ የኢትዮጵያ ጅቡቲ የባቡር መስመርም መነሻው እሷው ሰበታ ናት። በወረቀት ላይ ካየናት ከሰበታ ልጅ የሚሰደድበት አንዳች ምክንያት የለም።

አሁን ወደ መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመለሱ። መስከረም 22 ቀን ቢሾፍቱ ላይ የእሬቻ በዓል ወደ ሐዘን ተለወጠ፤ መንግሥት ራሱ 55 ሰው ሞተ አለ። በሦስተኛው ቀን፣ መስከረም 25፣ ባቡሩ በፌስታ ተመረቀ፤ ሪባን ተቆረጠ፣ እንግዳ ተጋበዘ። በዚያው ሳምንት ሰበታ ውስጥ ፋብሪካዎች ይነዱ ነበር። አንድ የቱርክ ባለሀብቶች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በእሳት ወደመ። ሥራ የሚሰጠውን ፋብሪካ ያቃጠለው ማን ነው? "ፀረ ሰላም" ተባለ፤ ታለፈ። የፋብሪካን መቃጠል አንደግፍም፤ ንብረት ማቃጠል የራስን እንጀራ ማቃጠል ነው። ግን አንድም ባለሥልጣን ቆም ብሎ "ይህ ሰው የራሱ ነው ብሎ ቢያስብ ያቃጥለው ነበር?" ብሎ አልጠየቀም።

ያ ቁጣ ከሰማይ አልወረደም። ከሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሰበብ ደም ፈሷል፤ በኅዳር 2008 ዳግመኛ ተቀጣጥሎ በጥር ወር እቅዱ ተሠረዘ ተባለ። ከዚያ በፊት ግን ገበሬው በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ከመሬቱ ሲነሳ የቆየ ነው። አዋጁ ለተፈናቃዩ ያለው፣ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው በ10 ተባዝቶ ይሰጠው ነው። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 ከፍ አለ። እንግዲህ ቁጠሩ። አያቱ፣ አባቱና እሱ ያረሱት መሬት የ10 ዓመት ጤፍ ሆኖ ተተመነለት፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድስ ምን ይብላ? ልጁ በአባቱ ማሳ ላይ በተተከለው አጥር በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ይቀጠር? ይህን ልጅ "ሥራ አግኝቷል" ብሎ መመዝገብ ይቻላል። መሰላሉ ላይ ስንተኛው ላይ ነህ ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው ግን ሌላ ነው።

የፋብሪካውስ ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ፈላጊውን በዕጣ ለይተው ተከታትለው ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሥራው የደረሳቸው ሰዎች ካልደረሳቸው የተሻለ ገቢ አላገኙም፤ ጤናቸው ግን ተጎድቷል። አንድ ሦስተኛው ገና በመጀመሪያው ወር ጥሎ ወጣ፤ በዓመቱ 77 በመቶው ለቆ ነበር። "ወጣቱ ሥራ ይንቃል" የምትሉ ሁሉ ይህን ቁጥር ደጋግማችሁ አንብቡት። ሥራ የናቀ ሰው ቀድሞውኑ አይመዘገብም፤ ሠርቶ ያየው ነው የወጣው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር። አዋጁ ከወጣ ከዓመታት በኋላም ሠራተኛው ቦርዱ የሚወስንለትን ሲጠብቅ ኖሯል። በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ተለቀቀና በ57 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ወር ሙሉ ቆማ የሠራችው ልጅ ደመወዟ በእጇ ላይ ሲሟሟ አየች። ቦርዱ ግን "በጥናት ላይ" ነው!

ሱሉልታ፦ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው

ተረቱ ለሱሉልታ የተተረተ ይመስላል። በጎጃም በር፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለችው ይህቺ ብርዳም ከተማ በከርሰ ምድር ውሃዋ የታወቀች ናት። ውሃ አሻጊ ፋብሪካዎች ሠፍረውባታል፤ ግዙፉ ኔስሌ ሳይቀር በ2016 እ.ኤ.አ. ከአንደኛው ጋር በሽርክና ገብቶ ነበር። ከመሬቷ የተቀዳው ውሃ በላስቲክ ታሽጎ አዲስ አበባ ሆቴል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የከተማው ነዋሪ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ ቧንቧው የሚመጣበትን ቀን ይጠብቃል።

ይህ የገንዘብ ችግር ነው? አይደለም። ሴትየዋ ጀሪካኗን ተሸክማ ስትመለስ በአጠገቧ የውሃ መኪና ተጭኖ ሲያልፍ፣ የሚሰማት ጥማት ብቻ መሰላችሁ? "እኔ እዚህ ሰው አልተቆጠርኩም" የሚል ነገር ነው የሚሰማት። ስደትን የሚወልደው ይህ ስሜት ነው። ልጇም ከጎኗ ሆኖ ያያል። ልጅ የሚያየውን አይረሳም።

ሱሉልታ ሌላም ነገር አላት፤ ሯጮች። ቀነኒሳ በቀለ የሩጫ መም ያሠራባት፣ ዝነኞቹ በጠዋት የሚሮጡባት ሜዳ ናት። በዚህ አገር በጉልበቱ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ቢኖር አትሌቱ ነው። እሱስ ልቡ አርፏል? ፈይሳ ሌሊሳን አስታውሱ። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣመረ። የብር ሜዳሊያ አለው፣ ስም አለው፣ ገንዘብ አለው፣ አገር ቤት ሚስትና ልጆች አሉት። አልተመለሰም። ብመለስ እገደላለሁ ወይም እታሠራለሁ አለ፤ አሜሪካም ቆየ። በድህነት ነው የተሰደደው የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረን! የተመለሰውስ መቼ ነው? በጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ "አገር ተለወጠ" ተብሎ ብዙ ስደተኛ ሻንጣውን ይዞ በመጣበት ሰሞን ነው። በዚያ ጊዜ ደመወዝ አልጨመረም፤ ዳቦም አልረከሰም። የጨመረው ተስፋ ብቻ ነበር። ተስፋ እንኳንስ የሚሄደውን ሊያቆም የሄደውንም እንደሚመልስ በዓይናችን አይተናል። ያንን ተስፋ ማን በላው?

ቡራዩ፦ ቤት ሲፈርስ የሚፈርሰው

መልሱን ቡራዩ ትናገር። አገሩ "እንኳን ደህና መጣችሁ" እያለ ባለበት በዚያው መስከረም 2011 ዓ.ም. በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ቡራዩና አካባቢዋ በማንነት ላይ የተነሳ ግድያ ደረሰባቸው። ፖሊስ በወቅቱ 23 ሰው መሞቱን ተናገረ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ልጆቻቸውን አቅፈው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። ቡራዩ የደሃ ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ኪራይ የገፋው ሁሉ የሚያርፍባት ናት። ከጋሞ የመጣው ሸማኔ፣ ከወለጋ የመጣው ነጋዴ፣ ከጎጃም የመጣው ቀን ሠራተኛ በአንድ ግቢ የኖረባት ናት። በአንድ ቅዳሜና እሑድ "ጎረቤቴ ማነው?" ብሎ መፍራት ተጀመረ። አንድ ሰው የገዛ በሩን ዘግቶ መተኛት ሲያቅተው፣ አምስት ዓመት ወደፊት አስብ ብትሉት ምን ያስባል?

ከዚያ ደግሞ ዶዘሩ መጣ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ተጨፍልቀው "ሸገር ከተማ" ተባሉ፤ 12 ክፍለ ከተማ ወጣላቸው። ስም መለወጥ ይሁን። ስሙ ግን ከዶዘር ጋር ነው የመጣው። ሕገ ወጥ ግንባታ ናቸው የተባሉ ቤቶች በየሰፈሩ ተደረመሱ። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የፈረሱት ቤቶች ከ100 ሺህ እንደሚበልጡ ተናገረ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ድርጊቱ ሕጋዊ ሥነ ሥርዓት የጎደለውና የሰዎችን መብት የጣሰ መሆኑን በሪፖርት አወጣ። ሁለቱም የመንግሥት ተቋማት ናቸው፤ "የውጭ ኃይሎች" አይደሉም።

"ጨረቃ ቤት ነው" ይሉናል። ይሁንና ጨረቃዋ ስትወጣ እናንተ የት ነበራችሁ? መሬቱን ገበሬው ሲሸጥ የቀበሌው ሊቀ መንበር አልሰማም? መብራት ሲገባ ማን ፈረመ? ግብር የተቀበለው ማነው? 10 ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ በልቶ፣ በ11ኛው ዓመት "ሕገ ወጥ" ብሎ መነሳት ሕግ ማስከበር ሳይሆን ወጥመድ ነው። በየዕቁቡ ተቆጥቦ፣ ከልጅ አፍ ተቆርሶ የቆመ ቤት በግማሽ ሰዓት ይወርዳል። የሚወርደው ጭቃና ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። "ብሠራ አገኛለሁ፤ ያገኘሁትንም ማንም አይወስድብኝም" የሚለው እምነት ነው አብሮ የሚወርደው። ያ እምነት የሌለው ሰው አገር የለውም፤ ቆሞ የሚጠብቀው ተራ ብቻ ነው ያለው። ልብ በሉ፤ ብዙው ቤት የተሠራው በዓረብ አገር እህት ላብ ነው። እዚያ ተንበርክካ የወለወለችው ወለል እዚህ ግድግዳ ሆነ፤ ግድግዳውን ዶዘር ወሰደው። አሁን እሷን "ተመለሺ፣ አገርሽ ገብተሽ ሥሪ" የሚላት ሰው በየትኛው ዓይኑ ነው የሚያያት?

ቡራዩ ዓለምን ያስለቀሰች ልጅ አላት። ዓለም ደቻሳ የሁለት ልጆች እናት ነበረች፤ ልጆቿን ቡራዩ ትታ ቤይሩት ወረደች። የካቲት 16 ቀን 2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ፣ እደግመዋለሁ፣ በገዛ አገሯ ቆንስላ ደጃፍ፣ አንድ ሰው እየጎተተ መኪና ውስጥ ሲከታት በካሜራ ተቀረጸች። መጋቢት 5 ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷን አጠፋች። ያን ጊዜ ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድ በመንግሥት የተከለከለ ነበር። ክልከላው አላዳናትም። ቆንስላውም አላዳናትም። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ትታ ስትሄድ "ተታለለች" ብሎ ማለፍ በሟች ላይ መሳለቅ ነው። እናት ልጆቿን የምትተወው ከእነሱ ጋር መኖር ለእነሱ ምንም እንደማይፈይድላቸው ስታምን ነው።

"ግንዛቤ" የጎደለው ማነው?

ወደዚያች ዜማ እንመለስ። "ወጣቱ የስደትን አስከፊነት አያውቅም።" እውነት? በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ማባረር ጀምራ በጥቂት ወራት 160 ሺህ ያህል ወገኖቻችን ተግዘው ሲመጡ ያላየ ማነው? ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይ ኤስ ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችንን ሲያርድና ሲረሽን በቪዲዮ ያላየ ማነው? ከሟቾቹ መካከል የቂርቆስ ሠፈር ልጆች ነበሩበት፤ ለቅሶው አገር አደረሰ። በነሐሴ 2015 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን በኩል የሚገቡ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች እንደፈጁ ይፋ አደረገ። በሐምሌ 2017 መጨረሻ የመን ጠረፍ ላይ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የነበሩባት ጀልባ ሰጥማ ከ60 በላይ ሰው አለቀ። ይህን ሁሉ ልጁ በስልኩ ያየዋል። ከናንተ መድረክ በፊት ያውቀዋል።

አውቆ ነው የሚሄደው። አስደንጋጩም ነገር ይኸው ነው። ሞትን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የዚህን አገር ኑሮውን ዋጋ አውርዶት ነው። ሚዛኑ ላይ በአንድ በኩል ባሕሩ፣ በሌላ በኩል የቡራዩ ኑሮው ተቀምጦ፣ ባሕሩ ሲቀልለት እናንተ ባሕሩ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ታስተምሩታላችሁ። ማስተማርስ የሚገባው ኑሮው ለምን ይህን ያህል እንደከበደው ለእናንተ ነበር። ግንዛቤ የጎደለው መድረኩ ላይ ያለው ነው፤ ወንበሩ ላይ ያለው አይደለም።

ደግሞስ አስተማሪው ማን ሆነና! መንግሥት በጥቅምት 2006 ወደ ዓረብ አገር መሄድን ከለከለ፤ በ2010 ፈቀደ። አዘዋዋሪን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 909/2007 አወጣ፤ እሱን በ1178/2012 ተካ። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ራሱ መንግሥት እስከ 500 ሺህ የሚደርሱ ሴቶችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ለመላክ ምዝገባ ከፈተ። ትናንት "ስደት ይብቃ" ያለ አፍ ዛሬ "ተመዝገቡ" አለ። በሕጋዊ መንገድ መሄዱ በበረሃ ከመሄድ እንደሚሻል አንክድም። ግን ግማሽ ሚሊዮን ሴት ልጆቹን ለሰው ወለል ወላይነት አቅዶ የሚልክ መንግሥት፣ ለራሱ አገር ስንተኛ እርከን ሰጣት? ዕቅዱ ራሱ የእምነት ክህደት ቃል ነው። ከዚያ ወዲያ ደላላን መክሰስ የሥራ ባልደረባን መክሰስ ነው።

ለሚሄዱትም አንድ ቃል

ለባለሥልጣን ብቻ ተናግረን ለልጆቻችን ዝም ብንል ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ወንድሜ፣ እህቴ፣ የ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም የደስታ ሪፖርት የስደተኞች እርካታ በጊዜ ብዛት ወደተቀበላቸው አገር ሕዝብ እርካታ እንደሚጠጋ ገልጿል። መልካም ዜና ነው፤ አገሩ እንደ ሰው ከተቀበለሽ። አሠሪ ፓስፖርት ነጥቆ የሚያዝበት ቤት ግን ፊንላንድ አይደለም። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆን። አትሂዱ ለማለት አቅም የለንም፤ ምን ይዘን? ስትሄዱ ግን ውላችሁን አንብቡ፣ ስልክ ቁጥር ለቤተሰብ ተዉ፣ ለበረሃ ነጋዴ ነፍሳችሁን በዱቤ አትስጡ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምንለው ከባድ አይደለም። ገንዘብ የማይፈልገውም ብዙ ነው። አንደኛ፣ ዶዘሩ ይቁም። ሰው ለዓመታት የኖረበት ቤት ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ፣ ያለ ምትክና ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ አይፍረስ። ቀድሞ በዝምታ የበሉት ሹማምንት ደግሞ ከቤቱ ባለቤት በፊት ይጠየቁ። ሁለተኛ፣ ለሚኖርበት ሰው ካርታ ይሰጠው፤ የገበሬውም የይዞታ ማረጋገጫ የወረቀት ጌጥ አይሁን። ሦስተኛ፣ የደመወዝ ቦርዱ ሥራውን ይሥራ፤ የሰበታ ፋብሪካ ሠራተኛ ከወር ወር የሚያደርሳት ነገር ትያዝ። አራተኛ፣ የሱሉልታ ውሃ መጀመሪያ ሱሉልታን ያጠጣ፤ የተረፈው ይታሸግ። አምስተኛ፣ በማንም ብሔር፣ በማንም ሃይማኖት ስም ጎረቤቱን የነካ ሰው የትኛውም ሰንደቅ አይሸፍነው።

ስድስተኛውና ዋናው፣ ሰውን ጠይቁት። ወረዳው ሕዝብ የሚሰበስበው ለማጨብጨብና ለመዋጮ ብቻ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ያንን መሰላል ይዛችሁ ቡራዩ ግቡ። "አባባ፣ ዛሬ የት ነዎት? ከአምስት ዓመት በኋላስ?" በሉ። ካድሬው ሳይቆም፣ ስም ሳይመዘገብ፣ "ይህንን የሚሉት ማን ልኮዎት ነው?" ሳትሉ ጠይቁ። የሚመጣውን መልስ መስማት ካልቻላችሁ፣ ልጆቹ ለምን እንደሚሄዱ አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

ሰው ዛሬ ሁለተኛ እርከን ላይ ሆኖም ሊታገሥ ይችላል፤ ነገ ሦስተኛውን፣ ከነገ ወዲያ አራተኛውን እንደሚወጣ ካመነ። አባቶቻችን ከዚህ የባሰ ድህነት ውስጥ ኖረው ያልሄዱት ስላልተራቡ አይደለም፤ መሬቱ የእኔ ነው፣ ልጄ ይወርሰዋል ብለው ስላሰቡ ነው። ዛሬ መሰላሉን ከሥሩ እየነቀላችሁ "ለምን አትወጡም?" አትበሉን። ሹመት ያልፋል፤ ዶዘርም ይዝጋል፤ ልቡ የሸሸ ትውልድ ግን በአዋጅ አይመለስም።

ለሚሰማ ጆሮ ይስጣቸው!